ችካል ያልተተከለበት ዳርቻ

እንጦጦ ላይ የሚዘንበው ዝናብ ጫፉ ላይ ለሁለት ይከፈላል። ወደ ሰሜን የወረደው የሱሉልታን ሜዳ አጥለቅልቆ በሙገር በኩል ወደ ዓባይ ይሄዳል። ወደ ደቡብ የወረደው ግን አዲስ አበባን ሰንጥቆ ታላቁንና ትንሹን አቃቂ ይሞላል፤ ሁለቱም አባ ሳሙኤል ላይ ይገናኙና አዋሽ ይገባሉ። ከተማዋ የተሠራችው በዚህ በሁለተኛው መንገድ ላይ ነው። ውሃው ከእንጦጦ ተነስቶ አባ ሳሙኤል እስኪደርስ ሺህ ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል። ቀጨኔ፣ ግንፍሌ፣ ቀበናና ባንትይቀጡ በበጋ ሕፃን የሚሻገራቸው፣ በሐምሌ ግን መኪና የሚጠርጉ የሚሆኑት ለዚህ ነው።

ስለ ወንዞቹ ብክለት ብዙ ተብሏል፤ ስለ ሽታቸው የማያወራ የአዲስ አበባ ሰው የለም። ብዙም ያልተነገረው በግራና በቀኝ ያለው መሬት ታሪክ ነው። ዳርቻውን ማን ያዘው? በማን ፈቃድ? ማንስ ዝም ብሎ አየ? ውሃው የተበላሸው መጀመሪያ መሬቱ ስለተበላሸ ነውና ታሪኩን ከዚያ መጀመር ይሻላል።

ከከተማዋ በፊት አካባቢው የኦሮሞ አርቢዎች መሬት ነበር። ከብቶቻቸውን በፍልውሃ ዙሪያ ባለው ማዕድናማ ውሃ ያጠጡ፣ በወንዞቹ ዳር ባለው ሣር ያሰማሩ ነበር። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወርደው ፍልውሃ አጠገብ ቤት ሲያሠሩ፣ መኳንንቱም እየተከተሉ በየጉብታው ሰፈሩ። ራስ ብሩ ሰፈር፣ ራስ መኮንን ሰፈር፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ሰፈር ተባለ። እያንዳንዱ ሰፈር የጌታው ግቢ ከላይ፣ የሠራዊቱና የሎሌው ጎጆ ከጎንና ከታች ሆኖ፣ ከጎረቤት ሰፈር የሚለየው ወንዝ ወይም ገደል ነበር። መሐል ያለው ዳርቻ የሁሉም ነበር፤ ውሃ ይቀዳበታል፣ በቅሎ ይጠጣበታል፣ ሸማ በእንዶድ እየታሸ ድንጋይ ላይ ይሰጣበታል። ቤት የሚሠራበት ግን አልነበረም። ይህን የከለከለ አዋጅ ስለነበረ አይደለም፤ ክረምት የሚያመጣውን ጎርፍ ያየ ሰው ከታች አይሰፍርም ነበርና ነው። ራስ መኮንን ድልድይና ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ዛሬም በስማቸው የሚጠሩት፣ በእነዚህ ባዶ ሸለቆዎች የተለያዩትን ሰፈሮች ለማገናኘት ተሠርተው ነው።

በ1900 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ የአዲስ አበባን መሬት የሚመለከት ሕግ አወጡ፤ ባለ ይዞታው መሬቱን በስሙ አድርጎ መሸጥና ማውረስ እንዲችል ተፈቀደ። ለከተማዋ ትልቅ እርምጃ ነበር። ከዚያ በኋላ መሬት ማለት የሚለካ፣ ዋጋ የሚወጣለት ነገር ሆነ። ሜዳውና ጉብታው ተወደደ፤ ተዳፋቱና ገደሉ ግን ረከሰ። የረከሰ መሬት ደግሞ አንድ ቀን ድሃ ይሰፍርበታል። ይህን ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም፤ የየትኛውም አገር ከተማ እንዲህ ነው ያደገው።

ጣሊያን አዲስ አበባን በ1928 ዓ.ም. እንደያዘ ስመ ጥሩው አርክቴክት ለ ኮርቢዚዬ ለሙሶሊኒ የከተማዋን ንድፍ ልኮ ነበር። ንድፉ ነባሩን ከተማ እንደሌለ ቆጥሮ በቀጥተኛ ሰፊ ጎዳና የሚሰነጥቅ ነበር። ተቀባይነት አላገኘም። ጣሊያኖቹ የሠሩት የራሳቸው ፕላን ዋና ጉዳዩ ደግሞ ነጩን ከጥቁሩ በሰፈር መለየት ነበር። ከዚያ ዘመን በዚህ ታሪክ ውስጥ የቀረው ዋና ነገር ግን ፕላን አይደለም፤ ግድብ ነው። በእነዚያ ዓመታት አቃቂ ወንዝ ላይ የተሠራው የአባ ሳሙኤል ኃይል ማመንጫ 6.6 ሜጋ ዋት ነበር፤ ለአገሪቱ ከመጀመሪያዎቹ የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ ነው። ከኋላው የተኛው ሐይቅም ከተማዋ የምትጥለውን ሁሉ የሚቀበል ሆነ። ያን ጊዜ ማንም እንዲህ አላሰበውም።

ከነፃነት በኋላ ከተማዋ በፍጥነት አደገች። የመጠጥ ውሃ ከገፈርሳ መጣ። ፋብሪካዎች በባቡር መስመሩና በወንዞቹ አቅጣጫ ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ተዘረጉ። ከሁሉም ይበልጥ ወንዝ የሚፈልገው ቆዳ ፋብሪካ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ለማወቅ ሥራውን ማየት ይበቃል። ጥሬው ቆዳ መጀመሪያ ጨው የሚለቅበት ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል። ቀጥሎ በኖራና በሰልፋይድ ጸጉሩ ይነቀላል፤ ሰፈሩን የሚያስነጥሰው የበሰበሰ እንቁላል ሽታ የሚወጣው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ በክሮሚየም ጨው ይለፋና ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል። በየደረጃው ውሃ ይገባል፣ ውሃ ይወጣል። የሚወጣው ጨው፣ ሥጋ፣ ጸጉር፣ ኖራና ክሮም ይዞ ነው። ማጣሪያ ያልሠራ ባለ ፋብሪካ ይህን ሁሉ የሚሸኝበት በነፃ የሚፈስ መውረጃ አጠገቡ አለ፤ እሱም ትንሹ አቃቂ ነው። ቄራም ደሙንና ፈርሱን የለቀቀው በዚያው አቅጣጫ ነበር።

በ1940ዎቹ መጨረሻ ገደማ የለንደንን አረንጓዴ ቀበቶ ያቀደው እንግሊዛዊው ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ ለአዲስ አበባም ማስተር ፕላን አዘጋጀ። ቀለበት መንገድና የሳተላይት ከተሞች ነበሩበት። ከእርሱ በኋላም ፕላን በፕላን ላይ ተሠራ፤ እንግሊዞቹ፣ ፈረንሳዩ፣ ሃንጋሪያዊው እየተፈራረቁ ነደፉ። የከተማው ሕዝብ ግን ፕላን አይቶ አይሰፍርም። የሰፈረው ከመሬት ጌታው በተከራየው ቁራጭ ላይ ነው፤ መሬት ጌታውም በግቢው ጫፍ፣ ወደ ወንዙ በሚያዘነብለው በኩል፣ ጭቃ ቤት እየደረደረ ያከራይ ነበር። ወንዝ ዳር መስፈር የተጀመረው በደርግ ዘመን የሚመስለው ሰው ይኖራል፤ መነሻው ከዚያ ይቀድማል።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ መሬትንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። በአንድ ቀን የከተማዋ መሬት በሙሉ ባለቤቱ አንድ ሆነ። ወንዝ ዳርን ለመጠበቅ ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ በታሪክ አልተገኘም ብል አላጋንንም። ካሳ የሚጠይቅ ባለ መሬት የለም፣ የሚከራከር ወራሽ የለም፤ መንግሥት ከወንዙ በዚህ ያህል ሜትር ቤት አይሠራም ብሎ ችካል መትከል ይችል ነበር። አልሆነም። ኪራዩን የሚሰበስበው ቀበሌ ሆነ፣ ቤቶቹም የቀበሌ ቤት ተባሉ። ኪራዩ ለድሃው ቀለለ፤ ለጥገና ግን አይበቃም ነበር። ቤተሰቡ ሲበዛ ከኋላ በቆርቆሮና በጭራሮ አንድ ክፍል ይቀጠላል፤ የሚቀጠለውም ባዶ ቦታ ወዳለበት፣ ወደ ወንዙ ነው። መፀዳጃ ለአሥርና ለሃያ አባወራ አንድ ነበር፤ ጉድጓዱ ሲሞላ የሚመጥ መኪና በጠባቡ መንገድ ስለማይገባ ቧንቧ ተቀጥሎ ወደ ወንዙ ይለቀቃል። ሰውን ለዚህ መውቀስ ይቀላል። ሌላ አማራጭ ማን ሰጠው?

የኢትዮጵያና የጣሊያን ባለሙያዎች አብረው የሠሩት የ1978ቱ ማስተር ፕላን ወንዞቹን የከተማዋ አረንጓዴ ስፍራ አካል አድርጎ አስቧቸው ነበር። ነገር ግን በሕግ እስኪጸድቅ ዓመታት ወሰደበት፤ በዚያ መሐል መንግሥት ተለወጠ። በሽግግሩ ዓመታት ቁጥጥሩ ሲላላ ጨረቃ ቤት በረከተ። ምሽት ላይ ባዶ የነበረ ተዳፋት ሲነጋ ቆርቆሮ ለብሶ ይገኛል።

በ1986 ዓ.ም. የሊዝ አዋጅ መጣ። በዓመቱ የጸደቀው ሕገ መንግሥት ደግሞ አንቀጽ 44 ላይ ሁለት ነገር አስቀመጠ። ንዑስ አንቀጽ 1 ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አለው ይላል። ንዑስ አንቀጽ 2 መንግሥት በሚያካሂዳቸው ፕሮግራሞች ምክንያት የተፈናቀሉ ወይም ኑሯቸው የተነካባቸው ሰዎች ሁሉ ተመጣጣኝ ካሳ ወይም ምትክ የማግኘት መብት አላቸው ይላል። ወንዙና ወንዝ ዳር የሚኖረው ሰው በአንድ አንቀጽ ሥር ጎን ለጎን ተቀመጡ። ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ አንደኛው ንዑስ አንቀጽ ሲነሳ ሁለተኛው የሚረሳበት፣ ሁለተኛው ሲነሳ ደግሞ አንደኛው የሚዘገይበት ነው።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 በግልጽ ስለ ዳርቻ ያወራ ሕግ ነው። አንቀጽ 25 ለተቆጣጣሪው አካል የውሃ አካላትን ዳርቻ ወሰን እንዲከልል፣ በተከለለው ውስጥም ዛፍ መቁረጥንና መኖሪያ ቤት መሥራትን እንዲከለክል ሥልጣን ይሰጣል። ሥልጣን ይሰጣል እንጂ አያስገድድም፤ ስንት ሜትር እንደሆነም በቁጥር አይወስንም። ክልከላው ደግሞ የሚሠራው ወሰኑ ከተከለለ በኋላ ነው። ካልተከለለ የሚከለከል ነገር የለም። አንድ የወረዳ ሠራተኛ ተዳፋቱ ላይ ድንጋይ የሚከምረውን ሰው ተው ሊለው ቢሄድ፣ ወሰኑ የት ነው ቢባል የሚያሳየው አልነበረውም።

በ1995 ዓ.ም. የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ሲወጣ ነገሩ ወደ ውሃው ተመለሰ። በዚህ አዋጅ አንቀጽ 11 ማንም ሰው የግል ጥቅሙ መነካቱን ማስረዳት ሳያስፈልገው በበካይ ላይ አቤቱታ ማቅረብና መክሰስ ይችላል። በአገራችን ሕግ ብርቅ የሆነ በር ነው። በዚህ በር ለመግባት የሞከረ ነበር፤ አንድ የበጎ አድራጎት ባለሙያዎች ማኅበር የአቃቂንና የሞጆን ወንዞች ብክለት በመጥቀስ የፌዴራሉን የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ከሰሰ። ባለሥልጣኑ ኃላፊነቱ የእኔ አይደለም፣ የከተማውና የክልሉ መሥሪያ ቤት ነው አለ። በ1999 ዓ.ም. የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ክሱን ውድቅ አደረገ፤ ይግባኙም አልቀናም። ወንዙ ማን መከሰስ እንደነበረበት ሳይጣራለት መፍሰሱን ቀጠለ።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የኢንዱስትሪ ብክለት መከላከያ ደንብ ቁጥር 159 ለነባር ፋብሪካዎች የአምስት ዓመት ጊዜ ሰጠ። ማጣሪያ ይሠሩ ዘንድ ነው። ከቆዳ ፋብሪካዎቹ የሠራም ነበር፤ የሠራውን ያላንቀሳቀሰም ነበር፤ ማጣሪያ ኤሌክትሪክና ኬሚካል ይበላልና። ፍሳሽ አጠራቅሞ ዝናብ ሲጥል ጠብቆ መልቀቅም ከፋብሪካ እስከ መኖሪያ ቤት የታወቀ ዘዴ ሆነ።

በዚሁ ዘመን በዳርቻው ላይ ሌላ ታሪክ ይካሄድ ነበር። ከተማዋ ሰነድ አልባ ይዞታዎችን ሕጋዊ ለማድረግ ስትነሳ ሁለት ዓመተ ምሕረቶች የሰው ዕጣ ፈንታ መወሰኛ ሆኑ። ከ1988 በፊት የተያዘ በአንድ ወገን፣ ከዚያ በኋላ ሆኖ በ1997ቱ የአየር ካርታ ላይ የሚታይ በሌላ ወገን። ቤቱ በካርታው ላይ ከታየና ከፕላን ጋር ካልተጋጨ ባለቤቱ የይዞታ ካርታ ያገኛል። ወንዝ ዳር ያለው ግን ብዙ ጊዜ ይታያል፣ ይጋጫልም። ስለዚህ አይፈርስም፣ ካርታም አይሰጠውም። የመብራትና የውሃ ቆጣሪ ይገባለታል፣ ወረዳው መታወቂያ ይሰጠዋል፣ በምርጫ ይመዘገባል፣ ልጁ እዚያው ተወልዶ ዩኒቨርሲቲ ይገባል። ባንክ ግን ቤቱን በመያዣነት አይቀበለውም፤ ግንብ ሊሠራ ቢል ደንብ ማስከበር ያፈርስበታል። ነገ ሊፈርስ የሚችል ቤት ላይ ደህና መፀዳጃ የሚያሠራ ማን አለ? ሕጉ ዳርቻውን በግማሽ ልብ ሲጠብቅ ዳርቻው እንዲህ ነው የሚጎሳቆለው።

ከቄራ በታች፣ በመካኒሳና በላፍቶ በኩል እስከ አቃቂ ድረስ ደግሞ ዳርቻው ማሳ ነው። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ቀይ ሥር በተርታ ተተክሎ በሞተር ከወንዙ እየተሳበ ይጠጣል። ማለዳ ላይ የተነቀለው ቆስጣ እየታሰረ እዚያው ወንዙ ውስጥ ይነከራል፣ አፈሩ ይለቃል፣ ያብረቀርቃል፤ ከዚያ አይሱዙ ላይ ተጭኖ ወደ ገበያ ይሄዳል። ተመራማሪዎች በአትክልቱና በአፈሩ ውስጥ ክሮሚየምን የመሳሰሉ ከባድ ብረቶችን ደጋግመው አግኝተዋል። እነዚህ ማሳዎች ግን ሌላም ገጽ አላቸው። ወንዙ ሲሞላ የሚተኛበት፣ ውሃው ፍጥነቱን ቀንሶ ደለሉን የሚያራግፍበት ከከተማዋ የቀረ ክፍት ሜዳ እነሱ ናቸው። ገበሬውን አስነስቶ ኮንክሪት ማፍሰስ መርዙን አያጠፋውም፤ ጎርፉን ግን ያባብሰዋል።

ከሁሉም ታች አባ ሳሙኤል አለ። ግድቡ በደለልና በእምቦጭ ተጨናንቆ፣ ማመንጫው ለአሥርተ ዓመታት ሥራ አቁሞ ቆየ፤ በቻይና እርዳታ ታድሶ በ2009 ዓ.ም. ገደማ እንደገና ሥራ ጀመረ። በዙሪያው ያለው ረግረግ መሬት በዓለም አቀፍ ደረጃ ለወፎች ጠቃሚ ተብለው ከተመዘገቡ ስፍራዎች አንዱ ነው። ከአውሮፓ ክረምት የሸሹ ወፎች ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ እዚያ ይወርዳሉ። የከተማዋን ፍሳሽ በሥሩ እያጠለለ የሚቀበለው ያ ረግረግ ደሞዝ ያልተቆረጠለት ማጣሪያ ነው። ከተማዋ ቃሊቲ ላይ በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ ፍሳሽ የሚያጣራ ጣቢያ በ2010 ዓ.ም. ማስመረቋ ትልቅ ሥራ ነው፤ ጣቢያው ግን የሚያጣራው በመስመር የተያያዘለትን ብቻ ነው።

በየካቲት 2011 ዓ.ም. ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት ይፋ ሆነ፤ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ፣ 29 ቢሊዮን ብር፣ ሦስት ዓመት። በዚያው ግንቦት በምኒልክ ግብር አዳራሽ ለፕሮጀክቱ ገንዘብ ለማሰባሰብ ለአንድ ሰው 5 ሚሊዮን ብር የሚከፈልበት ገበታ ለሸገር ተዘረጋ። ጳጉሜ 5 ቀን 2012 ዓ.ም. ሸገር ፓርክ ተመረቀ። ወንዝ ለመጀመሪያ ጊዜ ከከተማዋ ጓሮ ወደ ፊት ለፊቷ መጣ፤ ከዚያ በፊት ጀርባውን ሰጥቶ የተሠራ ቤት ሁሉ አሁን በረንዳውን ወደ ወንዙ ማዞር ተመኘ። ይህ ቀላል ለውጥ አይደለም።

ነሐሴ 11 ቀን 2013 ዓ.ም. ግን ጎርፍ በአዲስ አበባ የሰባት ሰዎች ሕይወት ቀጠፈ። ፓርክ ያማረ ዳርቻ ነው፤ ጎርፍን የሚወስነው ከፓርኩ በላይ ባለው ተዳፋት ላይ ስንት አፈር በአስፋልትና በሲሚንቶ እንደተሸፈነ ነው።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ መንገዶችንና ዙሪያቸውን የሚያድሰው የኮሪደር ልማት ከፒያሳ ተነስቶ ካዛንቺስን አልፎ ተስፋፋ፤ የቀበና ወንዝ ዳርቻም የሥራው አካል ሆነ። ተዳፋቱ ላይ የነበሩት ቤቶች ፈረሱ፣ ደጋፊ ግንብ ተሠራ፣ የእግረኛ መንገድ ተዘረጋ። በ2017 ዓ.ም. የከተማው አስተዳደር የወንዞች ብክለት መከላከል ደንብ ቁጥር 180 አወጣ፤ ፍሳሽ ወደ ወንዝ የለቀቁ ድርጅቶች በመቶ ሺዎች ብር መቀጣታቸው የዘወትር ዜና ሆነ። አሁን ወንዝ ማቆሸሽ ኪስ የሚነካ ጥፋት ሆኗል፤ ይህን ማድነቅ ይገባል።

የተነሳው ሰው ግን? ባለ ካርታው ምትክ ቦታና ካሳ ይጠይቃል። የቀበሌ ቤት ተከራዩ ሌላ የቀበሌ ቤት ወይም ኮንዶሚኒየም ይጠብቃል፤ ከሥራውና ከዕድሩ ኪሎ ሜትሮች ርቆ ይሁን እንጂ። ሰነድ አልባው፣ ያ ሃያ ዓመት የመብራት የከፈለው፣ በ2011 ዓ.ም. በወጣው የካሳ አዋጅ ቁጥር 1161 ሕጋዊ ባለይዞታ አይደለም። ከጊዜው አጭርነት የተነሳ በቀናት ውስጥ ዕቃውን ያወጣ ብዙ ነው። ችካሉ በ1967 ቢተከል ኖሮ ይህ ሰው እዚያ አይሰፍርም ነበር። ያልተተከለው በመንግሥት ቸልታ ነው፤ ዋጋውን የከፈለው ግን ሰፋሪው ነው። ወንዝን ማዳን ትክክል ነው። ሒሳቡ ግን በትክክል አልተከፈለም።

አሁን ያለው ጥያቄ ቀበና አይደለም። ቀበና ላይ የሆነው ሆኗል። ከእንጦጦ ማዶ ያለው የሱሉልታ ረግረግ ሜዳና ከታች ያለው የአባ ሳሙኤል ዙሪያ በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ባለው ሸገር ከተማ መስፋፋት መሐል ናቸው። ክረምት ላይ ሜዳው ውሃ ሲተኛበት ሐይቅ ይመስላል፤ በጥር ሲደርቅ ለደላላ ባዶ ቦታ ነው። እዚያ ቤት የሠራ ሰው መሠረቱን በጎርፍ ያስበላል፣ ጎርፉንም ወደ ጎረቤቱ ይገፋል። የሁለቱም ከተሞች የፕላን ጽሕፈት ቤቶች ከማንኛውም የመሬት ጨረታ በፊት የረግረጉንና የወንዙን ወሰን በሜትር ለክተው፣ ድንጋይ ተክለው፣ ካርታውን በየወረዳው ግድግዳ ላይ ይለጥፉ። መሬት የሚገዛውም ሰው ቀብድ ከመክፈሉ በፊት ቦታውን ሐምሌ ላይ ሄዶ ይየው።